መጀመሪያ ከረጢቱን ጨብጥ

ጨፋ ሮቢት ያደገ ሰው ውሃ መውጫ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ያውቃል። የቦርከና ወንዝ ክረምት ላይ ሲሞላ ውሃው የጨፋ ሜዳ ላይ ይተኛል። እኔ በልብ ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ። የአገሬ ልጅ ስትመጣ ለአባቷ የማስረዳው በዚሁ ነው፦ «አባባ፣ የልቧ በር ጠብቦ ደሙ ወደ ሳንባዋ ተመልሷል። ሳንባዋ ጨፋ ሆኗል።»

ለዓመታት ውሃ የተኛበት ሳንባ የደም ሥሮቹ ይወፍራሉ፣ ቁጡም ይሆናሉ። በሩ በሰዓታት ይቀየራል፤ ቁጣቸው ግን በዚያው ቀን አይበርድም።

አንድ ቀን የአንዲት ታካሚ የልብ በር (ቫልቭ) ተቀይሮ፣ ልቧ ከልብና ሳንባ ማሽኑ ተላቆ በራሱ መምታት ጀመረ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን የሄፓሪንን ሥራ ለመሻር ፕሮታሚን ቀስ እያልኩ መስጠት ስጀምር ኦክስጅኑ ወረደ፣ ግፊቱም ተከተለው። ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ ሲሆን ዓይኔ ስክሪኑ ላይ፣ እጄ መድኃኒት ላይ ይሮጥ ነበር። መምህሬ «መጀመሪያ ከረጢቱን ጨብጥ» እያለ አረመኝ። አየር ወደ ሳንባ የምናስገባበት ከረጢት በእጅ ሲጨመቅ እምቢ ካለ ቱቦው ታጥፏል፣ አክታ ዘግቶታል፣ የአየር ቧንቧዎቹ ተኮማትረዋል ወይም አየር ከሳንባው ውጭ ተጠራቅሟል። ሮዝ አረፋ ከወጣ ሳንባው ውሃ ቋጥሯል። አየሩ እየገባ ደሙ ከጠቆረ ግን ነገሩ የደም ሥሮቹ ነው።

ያን ቀን ከረጢቱ ለስላሳ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ልቡን እያየ «ቀኙ ተነፍቷል፣ ግራው ባዶ ነው» አለ። የእጄና የዓይኑ ምስክርነት ገጠመ። ፕሮታሚኑን አቆምኩ፤ 100 በመቶ ኦክስጅን ከፈትኩ። የተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የደም አሲድ የሳንባን ደም ሥር ስለሚያጠብ ትንፋሹን ትንሽ አፈጠንኩ። ማደንዘዣውን አጠለቅኩ፣ ሰውነቷን አሞቅን። ልብን የሚያግዘው ሚልሪኖንና ግፊት የሚደግፍ መድኃኒት ተጨመረ። የማሽኑን ባለሙያ «እንዳትበትነው፣ ሄፓሪንም አዘጋጅ» አልኩት። ወደ ማሽኑ መመለስ ሳያስፈልግ የቀኝ ልቧ መነፋት እየቀነሰ፣ ግፊቷ እየተመለሰ መጣ።

የሳንባን ደም ሥር በቀጥታ የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ ውድ ነው። ኦክስጅን፣ ሙቀት፣ ጥልቅ እንቅልፍና የማይቸኩል እጅ ግን ከእኛ ጋር አሉ።

በጥቁር አንበሳ ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብዙ ሕፃናት ለቀዶ ሕክምና ባሕር ማዶ ይላኩ ነበር። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች እዚሁ ልብ ይከፍታሉ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። በወረፋ ያለፈው ጊዜ ሁሉ በሳንባ ላይ ይጻፋል፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ የማገኘው ያንን ነው።

የልብ በር የሚጠብበት የዚህ ሁሉ ችግር መነሻ ብዙ ጊዜ በልጅነት የታለፈ የጉሮሮ ሕመም ነው። ልጅዎን ጉሮሮው ካመመው፣ ወይም ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያው ካበጠ ጤና ጣቢያ ያድርሱት። በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ከታዘዘለት ደግሞ ደህና ሆኗል ብለው አያስቀሩበት።