የሎሚ ዛፍ ቢራቢሮ

ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ10 እስከ 13 ሳንቲሜትር ይደርሳሉ። መደባቸው ጥቁር ነው፤ በላዩ ፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣብ ተበትኗል። በእያንዳንዱ የኋላ ክንፍ ላይ ቀይና ሰማያዊ የገባባቸው ሁለት ዓይን መሰል ክቦች አሉ። ቀለሙን የሚሰጡት እንደ ሸክላ ክዳን ተደራርበው የተደረደሩ ደቃቅ ቅርፊቶች ናቸው። ክንፏን በነካ ጣት ላይ የሚቀረው ብናኝም እነሱው ናቸው።

የሳይንስ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካና በደቡብ ምዕራብ ዓረቢያ ትኖራለች። እጮቿ የሚመገቧቸው ሎሚና ብርቱካን ከእስያ የመጡ ናቸው፤ ከእነሱ በፊት እጮቿ ያደጉት በዚያው ወገን በሆኑ አገር በቀል ዛፎች ላይ ነው። ልምጭ አንዱ ነው።

እናቲቱ ቅጠሉን በፊት እግሮቿ መታ መታ ታደርጋለች፤ ጣዕም የምትለየው በእግሯ ነው። ከተስማማት አንዲት ክብ፣ ገርጣ ያለች ቢጫ እንቁላል ለጥፋ ትሄዳለች። እጩ በሳምንት ገደማ ይፈለፈላል።

ትንሹ እጭ ጥቁርና ነጭ ጣል ጣል ያለበት ነው፤ ያየው ወፍ ኩስ ይመስለዋል። ወዙ ሳይቀር ተመስሏል። ይህ የሚያዋጣው ግን ትንሽ እስከሆነ ድረስ ነው፤ 4 ሳንቲሜትር ተኩል የሚረዝም ኩስ ማንንም አያታልልም። ስለዚህ አድጎ የመጨረሻውን ቆዳ ሲለብስ አረንጓዴ ሆኖ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። ከነኩት ደግሞ ከራሱ ኋላ እንደ ቀንድ የተሰነጠቀ ብርቱካንማ ሥጋ ብቅ ያደርጋል፤ ሽታው ይከረፋል። አደጋው ሲያልፍ መልሶ ይከተዋል።

ለሙሽሬነት ሲዘጋጅ በቀንበጥ ላይ የሐር ጉብታ ሠርቶ የጭራውን ጫፍ ይሰካበታል። ከዚያ ሌላ ክር በወገቡ ያዞራል። ጉብታው እግርጌውን ይይዛል፣ ክሩ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ይደግፈዋል። ቆዳውን የሚገፈው እንደታሰረ ነው። ሙሽሬው በቅጠል መካከል አረንጓዴ፣ በደረቅ እንጨት ላይ ቡናማ ይሆናል።

ቢራቢሮዋ ስትወጣ ክንፎቿ የተጨማደዱ ናቸው። ከሰውነቷ ፈሳሽ እየገፋች ትዘረጋቸዋለች፤ እስኪደርቁም ተንጠልጥላ ትቆያለች። በዚህ መካከል አንድ ሥራ ይቀራታል። መምጠጫዋ ሲወጣ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ግማሽ በውስጥ በኩል ቦይ አለው። ሁለቱን አቀራርባ ስትገጥማቸው ቦዮቹ አንድ ቱቦ ይሆናሉ። ክንፏ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሁለቱ ግማሾች ካልገጠሙ የአበባ ወለላ መምጠጥ አትችልም።