ከሕያው ሕዋስ ላይ መቆንጠር

በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት የሚበሉት ጀርምና የሞተ ሕዋስ ብቻ አይደለም። ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን እ.ኤ.አ. በ1973 በአይጥ ጣፊያ ውስጥ ያገኟቸው ዴንድሪቲክ ሕዋሳት ከጤነኛ ጎረቤታቸውም የሽፋን ቁራጭ ከነፕሮቲኑ ቆንጥረው ይወስዳሉ። የተቆነጠረው ሕዋስ አይሞትም፤ ሥራውን ይቀጥላል።

እኛ በቤተ ሙከራ ይህን የምንከታተለው በቀለም ነው። የሚቆነጠረውን ማለትም የሰጪውን ሕዋስ ሽፋን እንደ ፒኬኤች26 ባለ ቀለም ነክረን፣ ከዴንድሪቲክ ሕዋሳት ጋር በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቆይተን፣ ሕዋሳትን አንድ በአንድ በጨረር ፊት እያሳለፈ ቀለማቸውን በሚለካው መሣሪያ፣ በፍሎው ሳይቶሜትር፣ እናሳልፋለን። ቀለሙ ተቀባዩ ላይ ሲታይ ደስ ይላል፤ ሙያው ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት ሕዋሳት ተጣብቀው በጨረሩ ፊት ካለፉ መሣሪያው እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ኢዲቲኤ በተባለ ኬሚካል እናላቅቃቸዋለን፤ ጥንዶቹንም ከትንተናው እናወጣለን። ቀለሙ ራሱም ከሽፋን ወደ ሽፋን ሊሾልክ ይችላል። ለዚህ ሌላ ቱቦ በ4 ዲግሪ እናስቀምጣለን፤ በቅዝቃዜ ሕዋሱ ቢለጠፍም የመዋጥ ሥራው በእጅጉ ስለሚደክም፣ እዚያም የሚታየው ቀለም እንደ መወሰድ አይቆጠርም። ከሁሉ የሚከብደው ሰጪው በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ጥቂት የሞቱ ሕዋሳት ከተቀላቀሉ ዴንድሪቲኩ እነሱን በልቶ ሳለ እኛ ከጤነኛው ቆነጠረ እንላለን። ሕያውና ሙት የሚለይ ቀለም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መውሰድም ለሌላው በሽታ ተከላካይ፣ ለቲ ሕዋስ፣ ማሳየት ማለት አይደለም። የተወሰደው ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ ተቆራርጦ፣ ኤምኤችሲ በተባሉት ቁራጭን በሕዋስ ሽፋን ላይ ይዘው በሚያሳዩ ፕሮቲኖች ላይ (ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ ያለው በኤምኤችሲ አንድ፣ ረዘም ያለው በኤምኤችሲ ሁለት) ተሰክቶ ለቲ ሕዋስ ይቀርባል። አንዳንዴ ደግሞ ዴንድሪቲኩ የሰጪውን ኤምኤችሲ ከነቁራጩ ወስዶ፣ ምንም ሳይፈጭ በራሱ ሽፋን ላይ ያሳያል። የቀለም ምልክት እነዚህን ሁለት መንገዶች አይለይም፤ ፍርዱን የሚሰጠው የቲ ሕዋሱ ምላሽ ነው።

ጉዳዩ የሚያሳስበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ከጤነኛ ሕዋስ የሚቆነጠረው የራስ ፕሮቲን ነው፤ የአደጋ ምልክት በሌለበት እሱን የሚያይ ቲ ሕዋስ ዝም ይላል ወይም ይጠፋል፤ ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ ከሚጠበቅባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ ወጣት ባልደረቦቼ፣ የቀዝቃዛውን ቱቦ ውጤትና የሰጪውን ሕያውነት ጎን ለጎን ሳታሳዩ «ከጤነኛ ሕዋስ ወሰደ» ብላችሁ አትጻፉ።