የምኒልክ የስድብ አዋጅ እና የእኔ ውሸት

ባለፈው ዓመት በምሠራበት ድርጅት የስድብ ማጣሪያ ሥራ ተባልኩ። ሰዎች ዕቃና አገልግሎት የሚያስተዋውቁበት አፕ አለን። አስተያየት መስጫው ላይ ስድብ ስለበዛ፣ መጥፎ ቃል ያለበት ጽሑፍ በራሱ እንዲደበቅ ተፈለገ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ የቃላት ዝርዝር ታዘጋጃለህ፣ ኮዱ ጽሑፉን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፣ ካገኘ ይደብቃል። በቃ።

የመጀመሪያዎቹን ቃላት ለመጻፍ ሰፈር ውስጥ ማደግ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ወደ ከባዶቹ ደረስኩ፦ ባሪያ፣ ቡዳ፣ ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቀጥቃጭ። «ባሪያ»ን ሳላመነታ አስገባሁ። «ቀጥቃጭ» ላይ ግን እጄ ቆመ። ስድብ ነው ወይስ ሙያ? የመርሳ ልጅ ስለሆንኩ በስድብነቱ በደንብ አውቀዋለሁና አስገባሁት። በሦስተኛው ቀን አንድ ደንበኛ ደወለ። «ጎበዝ ብረት ቀጥቃጭ እፈልጋለሁ ብዬ የለጠፍኩት ማስታወቂያ የት ገባ?» አለ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ይህን የቃላት ዝርዝር ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ እንዳነበብኩት ትዝ አለኝ።

ያነበብኩት አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ ዓድዋ ሲደርስ ከንጉሡ ፎቶ ጋር ቴሌግራም ላይ ይዞራል። «ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ መሪ ነበረን» ይባልለታል፣ ልብ ይደረግለታል፣ ይታለፋል። እንደ ጽሑፍ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። እኔም ከዚያ ማታ በፊት አላነበብኩትም ነበር።

አዋጁ ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ጥንካሬውን እንይ። አዋጁ «ነውረኛ ንግግር ይቅር» ብሎ በደፈናው አያልፍም። ስድቦቹን አንድ በአንድ ይጠራል፤ ብረት የሚሠራውን ምን ትሉታላችሁ፣ የሚሸምነውን ምን ትሉታላችሁ፣ ቆዳ የሚፍቀውን ምን ትሉታላችሁ ብሎ በስማቸው ይቆጥራቸዋል። ቤተ መንግሥት እንደዚህ ያለ ቃል አፉ ውስጥ አስገብቶ ሲናገር ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ዛሬ «ከሙያ ጋር የተያያዙ አሉታዊ አመለካከቶች» ብለን እንሸሸዋለን። እሳቸው አልሸሹም።

ሁለተኛ፣ ምክንያት ይሰጣል። ሁላችንም ከአዳምና ከሔዋን ነን ይላል። በአውሮፓ አዲስ ነገር የሠራ ሰው መሐንዲስ እየተባለ ይሸለማል፣ እናንተ ግን ሠራተኛውን እየሰደባችሁ አገሪቱን ባዶ ልታስቀሩ ነው ይላል። ሦስተኛ፣ ቅጣት አለው። ሠሪን የሰደበ እኔን ሰደበ ይሉና ተሳዳቢው አንድ ዓመት እንደሚታሰር ያስታውቃሉ።

እንደ ፕሮግራመር ሳየው ሙሉ ነገር ነው። የቃላት ዝርዝር፣ ማብራሪያና ቅጣት። የእኔን ማጣሪያ በመቶ አሥራ ምናምን ዓመት ቀድሞታል፣ በአጻጻፍም ይበልጠዋል።

ችግሩ እዚሁ ይጀምራል። አዋጁ የሚያጣራው ቃልን ነው። ቃሉን የሚያመነጨውን ነገር አይነካም። ያ ነገር ደግሞ ርስት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የእጅ ሥራ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው መሬት የተከለከሉ ሰዎች ኑሮ ነበር። ቤተ እስራኤሎች ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፤ ሙስሊሞች ሸመኑ፣ ነገዱ። ርስት የሌለው በእጁ ይኖራል። በእጁ ስለሚኖር ይናቃል፤ ስለሚናቅ አይጋቡትም፤ ስለማይጋቡት ርስት በጋብቻም በውርስም አይደርሰውም። ክቡ እንዲህ ይዘጋል። አዋጁ ከዚህ ክብ ውስጥ «ይናቃል» የምትለዋን ብቻ ይዞ «እንዳትናገሩት» አለ። መሬቱም ጋብቻውም እንደነበሩ ቀሩ። ለመሬቱ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም መጠበቅ ነበረብን፤ የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ነው ባለ እጅም እንደ ማንም ገበሬ መሬት የማግኘት መብት በሕግ የተሰጠው።

ምክንያቱም ራሱ ይቆረቁረኛል። ሠሪው የሚከበረው ስለሚጠቅም ነው። ማረሻ ይሠራልናል፣ ልብስ ያለብሰናል፣ ነገ ጠመንጃና ባቡር ይሠራልናል። በተለይ «መሐንዲስ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። አዋጁ ለባለ እጅ የሚያሳየው ተስፋ ይህ ነው፦ ሥራህ ሲያድግ ስምህ ይለወጣል፣ ስምህ ሲለወጥ ትከበራለህ። እኔ በዲግሪ መሐንዲስ ነኝ። ይህ ተስፋ ሲፈተን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ቃሉን ትቶ አጥንቱን የነካው

አዋጁ ያልደፈረውን በ1958 ዓ.ም አንድ ልብ ወለድ ደፈረው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አብዛኞቻችን እንደ ፍቅር ታሪክ እናስታውሰዋለን፤ በዛብህ፣ ሰብለ፣ እንባ። እስቲ ፍቅሩን ለጊዜው አስቀምጡትና ጋብቻውን ብቻ ተከታተሉ። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የመጣውን ሁሉ በአጥንት እየመዘኑ ይመልሳሉ። የሚመጥን ሲፈለግ ዕድሜዋ ይሄዳል። መጽሐፉ ውስጥ ክፉው ነገር ስድብ አይደለም። ክፉው ነገር በጨዋ ቋንቋ፣ በሽማግሌ ፊት፣ በአክብሮት የሚደረግ ቆጠራ ነው። ይህን በግልጽ የሚናገረው ሰው ደግሞ «ጉዱ» ካሣ ተብሎ እንደ እብድ ይታያል።

ከአዋጁ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የምኒልክ አዋጅ ጥፋተኛው ባለጌ ተሳዳቢ እንደሆነ ያስባል። ሐዲስ ግን ጥፋተኛው ጨዋው ሰው መሆኑን ያሳያሉ። በእኔ ማጣሪያ ብታስገቡት የፊታውራሪ መሸሻ «ይቅርታ፣ አይሆንም» አንድም ቀይ መብራት ሳያበራ ያልፋል።

ያም ሆኖ መጽሐፉም ወሰን አለው። ማዕከሉ ላይ ያለው ጥያቄ የመኳንንት ልጅ የደሃ ገበሬ ልጅ ታገባለች ወይ የሚል ነው። በዛብህ ድሃ ይሁን እንጂ የተማረ፣ ፊደልና ዜማ የሚያስተምር ሰው ነው። አንባቢ በቀላሉ ይወግንለታል። የቀጥቃጭ ልጅ ቢሆንስ ኖሮ ስንቶቻችን እስከ መጨረሻው እናለቅስለት ነበር? ይህን የምጠይቀው ሐዲስን ለመክሰስ ብዬ አይደለም፤ ራሴን ጭምር ነው።

ራሳቸው የጀመሩት

ከቤተ መንግሥትና ከመጽሐፍ ውጭ፣ ነገሩን ከታች የጀመሩ ሰዎች አሉ። ፎገራ ውስጥ በ1964 ዓ.ም ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ አንዱ ነው። ሽመናን ከመደበቅ ይልቅ መተዳደሪያቸው አደረጉት። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች፣ ሥራ በችሎታ ይከፈላል። አዋጁ «የሚሸምነውን አትስደቡ» አለ። አውራ አምባ ግን «ና፣ አብረን እንሸምን» አለ። ዋጋም ከፍለውበታል፤ ጎረቤት ጠላቸው፣ በደርግ ዘመን ቀያቸውን ለቀው ወደ ደቡብ እስከ መሰደድ ደረሱ፣ ኋላ ነው የተመለሱት። ዛሬ ጎብኚ ይጎርፍላቸዋል። ሲጎበኙ ደስ ይለናል፤ ሲያጋቡን ግን እንጃ።

ሌላው የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው። መስከረም 2011 ዓ.ም አዲስ አበባ ጫፍ ቡራዩ ላይ ጋሞዎችና ሌሎች ሰዎች ሲገደሉ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ወጣ። ሽማግሌዎቹ ለምለም ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ፣ ወጣቱም ተመለሰ። አንድ ከተማ በራሱ ሰዎች ከደም ዳነ። ይህንን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ግን ጽሑፌ ሒስ ስለሆነ ሙሉውን ልናገር፦ እዚያው ጋሞ ደጋ ላይ ሸክላ ሠሪዎቹና ቆዳ ፋቂዎቹ፣ ማና እና ደጋላ የሚባሉት፣ ለዘመናት ከሌላው ጋር ሳይጋቡ፣ ከሙሉ የማኅበር አባልነት ተገፍተው ኖረዋል። ሽሮ ሜዳ ላይ በሽመናው የተናቀው ጋሞ፣ አገሩ ላይ የሚንቀው ነበረው። ሣሩ ለጎረቤት ብሔር ተነሣ። ለማናው ገና በሙሉ አልተነሣም።

ሦስተኛው ከአገር ውጭ ነው። ጎንደር ላይ «ቡዳ» ሲባሉ የኖሩት ቤተ እስራኤሎች እስራኤል ሲገቡ በቀለማቸው ተለዩ። በ1988 ዓ.ም የለገሱት ደም በድብቅ ሲደፋ እንደነበር ጋዜጣ ሲያጋልጥ አደባባይ ወጡ። በ2007 ዓ.ም ፖሊሶች ደማስ ፈቃደ የተባለውን ወታደር ሲደበድቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣና ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ በሰልፍ ተናወጡ። በ2011 ዓ.ም ሰለሞን ተካ የተባለ ወጣት በፖሊስ ጥይት ሲሞት ደግሞ መንገድ ዘጉ። በመሀል፣ በ2008 ዓ.ም፣ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ ዘረኝነቱን አምኖ የመፍትሔ ሐሳብ አቅርቧል። ያ ሁሉ የመጣው ልጆቹ «ስድቡን ተዉት» ስላሉ አይደለም። ፖሊሱን፣ ሆስፒታሉን፣ ትምህርት ቤቱን በስሙ ጠርተው ስለጠየቁ ነው።

እኛ ያን ጊዜ ምን አደረግን? ቪዲዮውን ሼር አደረግን። «ወንድሞቻችን» አልን። በ2012 ዓ.ም ጆርጅ ፍሎይድ ሲገደልም ፕሮፋይላችንን አጠቆርን። እኔም አጥቁሬያለሁ። በዚያው ዓመት አገራችን የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አወጣች። ከሙያዬ የተነሣ መጀመሪያ የማየው ዝርዝሩን ነው፦ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ዘር፣ ጾታ፣ አካል ጉዳት። «ሙያ» የሚል የለም። የሕግ ሰው «ዘር የሚለው ይሸፍነዋል» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ምኒልክ ግን ለትርጉም አልተዉትም፤ ጠርተውታል። መቶ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይተን ከዝርዝሩ አወጣነው።

መርሳ

አሁን ወደ ቤቴ። እኛ ወሎዎች በአብሮነታችን እንኮራለን፣ ደግሞም እውነት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አለ፤ ሠርጉም ለቅሶውም የጋራ ነው። ሃይማኖት ያልከለከለንን ጋብቻ ግን አጥንት ይከለክለናል።

አብሮኝ ያደገ ጓደኛ አለኝ። አያቱ ሀብሩ ገጠር ውስጥ ማረሻ ይሠሩ፣ ማጭድ ይስሉ ነበር። እሱ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማረ። ከቀጥቃጭ እስከ መሐንዲስ በሁለት ትውልድ ማለት ነው፤ የምኒልክ አዋጅ ያለመው ልክ ይህንን ነበር። የሚወዳት ልጅ ቤት ሽማግሌ ላከ። ቤተሰቧ ቀን ጠየቀ። በዚያ መሀል ወንድሟ ደወለልኝ፤ አብረን ተምረናል።

«አንተ ታውቀዋለህ አይደል? ዘመዶቹ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«ጥሩ ሰዎች ናቸው» አልኩ።

«እሱማ ነው። አያትየው ምን ነበር ሥራቸው?»

ጥያቄው ገባኝ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ድምፁ ሁሉ ትሕትና ነበር። ለጓደኛዬ የሚበጅ የመሰለኝን አደረግሁ። «ገበሬ ነበሩ» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ሲሄዱ «ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ» ተብለው ተመለሱ። የጨረሰችው ከዓመት በፊት ነው። በሌላ ሰው በኩል አጣርተው ደርሰውበት ነበር።

ለረጅም ጊዜ የተናደድኩት በእነሱ ነበር። አዋጁን ሳነብ ግን በራሴ ውሸት ላይ ደረስኩ። «ገበሬ» ስል ቀጥቃጭ መሆን የሚደበቅ ነገር ነው ብዬ መስክሬያለሁ። ደንቡን ያጸደቅሁት ለጓደኛዬ የወገንኩ እየመሰለኝ ነው። ማጣሪያዬ ማስታወቂያውን እንደደበቀው፣ እኔም የሰውየውን ሙያ እንደ ስድብ ቆጥሬ ደበቅሁት።

«ጠይብ» ከ«ጠቢብ» ጋር አንድ ዘር ያለው ቃል ነው። በበዓል ቀን የምንለብሰው የቀሚስ ጥለትም «ጥበብ» ይባላል። ቃሉ በራሱ ንጹሕ ነበር፤ ያቆሸሽነው እኛ ነን። ስለዚህ ቃሉን መሰረዝ መፍትሔ አይሆንም። «ቀጥቃጭ»ን ከዝርዝሩ አወጣሁት። አለቃዬ ማስታወቂያ እንዳይጠፋ ብዬ መስሎታል።

ለጓደኛዬ ስለ ስልኩ የነገርኩት ከወራት በኋላ ነው። ዝም ብሎ ሰማኝና «እንዲያው ብትነግረውስ ኖሮ?» አለ። «አያቴ የሠሩት ማረሻ እኮ እስካሁን የልጅቷ አጎት ቤት አለ።»

ምኒልክ ተሳዳቢውን አስረው ይሆናል። «አያትየው ምን ነበሩ?» ብሎ በትሕትና የሚጠይቀውን የሚያስር ሕግ ግን የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ለእሱ ያለን መልሳችን ብቻ ነው። ስልኩ እንደገና ቢደወል «ቀጥቃጭ ነበሩ፤ አጎታችሁ የሚያርሱበትን ማረሻ የሠሩት እሳቸው ናቸው» እላለሁ።