መንገድ መሪውና ማስታወሻ ጸሐፊው፤ «ቪየትኮንግ» ስለ ተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ

ስለ ልብ ወለድ መጽሐፍ፣ ስለ ቴያትርና ስለ ሥዕል ሂስ መጻፍ የተለመደ ነው። ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ሲሆን ግን ብዙ ሰው «የልጅ መጫወቻ ደግሞ ምን ሂስ ያስፈልገዋል?» ይላል። በበኩሌ ይህን አሳብ አልቀበለውም። አንድ ጨዋታ የአንድን እውነተኛ ጦርነት አገርና ዓመት ጠርቶ «እንዲህ ነበር» ብሎ ካሳየን፣ ያሳየን ነገር ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ፣ የቀረውም ምን እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ነው።

የምመረምረው ጨዋታ «ቪየትኮንግ» ይባላል። የወጣው በ2003 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። የሠሩት በቼክ ሪፑብሊክ፣ በብርኖ ከተማ የነበሩ ፕቴሮዶንና ኢሉዥን ሶፍትዎርክስ የተባሉ ሁለት ድርጅቶች ናቸው። ታሪኩ በ1967፣ በደቡብ ቪየትናም፣ በካምቦዲያ ጠረፍ አቅራቢያ ኑይ ፔክ በተባለ የጦር ሰፈር ይጀምራል። ተጫዋቹ ስቲቭ ሆኪንስ የተባለውን የአሜሪካ ልዩ ጦር ወታደር ሆኖ ይዘምታል። ከእርሱ ጋር ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የራዲዮ ሠራተኛና መትረየስ ተኳሽ አሉ። ከሁሉ ፊት የሚሄደው ግን ሌ ዱይ ኙት የተባለ ቪየትናማዊ መንገድ መሪ ነው።

በመጀመሪያ መልካሙን ልናገር። በብዙ የተኩስ ጨዋታ ጠላት ደረቱን ሰጥቶ ይመጣል፤ ተጫዋቹም እየሮጠ ይጥለዋል። በዚህ ጨዋታ ግን ጠላትን የሚሸፍነው ቅጠል ነው። አስቀድሞ የሚሰማው የጥይቱ ድምፅ ነው፤ ተኳሹን የሚፈልጉት ከዚያ በኋላ ነው። የሚሮጥ ሰው ቶሎ ይሞታል፤ የሚንበረከክ፣ በደረቱ የሚተኛና የሚያዳምጥ ይቈያል። በመንገዱ ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰረ የእጅ ቦምብ ይጠብቃል። እኔም በመጀመሪያው ቀን «ኙት ይዘገያል» ብዬ ቀደምሁት፤ ጥቂት እርምጃ እንደ ተራመድሁ ሽቦውን ነክቼ ሞትሁ። ከዚያ ወዲያ እርሱ ሲቆም ቆምሁ፤ የረገጠበትን ረገጥሁ።

የጨዋታው ታላቅ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። አውሮፕላንና መድፍ ያለው የኃያሉ አገር ወታደር፣ ዱሩን የሚያውቀውን የአገሬውን ሰው ኮቴ መከተል ግድ ይሆንበታል። ይህንም ተጫዋቹ በስብከት ሳይሆን በእግሩ ይማረዋል። መጽሐፍ ወይም ሲኒማ ይህን ቢነግረን እናምነው ይሆናል፤ ጨዋታው ግን ካላመንን ይገድለናል።

ይሁን እንጂ ከዘመቻ ተመልሰን ወደ ሰፈሩ ስንገባ ነገሩ ይለወጣል። በሰፈሩ የሆኪንስ ማደሪያ አለ፤ በዚያ መሣሪያ ይመርጣል፤ የዕለት ማስታወሻም ይጽፋል። ተጫዋቹ የተፈጸመውን ሁሉ መልሶ የሚያነበው በዚህ ማስታወሻ ነው። ኙት ማስታወሻ የለውም። ዘወትር የሚናገረው ስለ መንገድና ስለ ወጥመድ ነው። ከባዕድ ጦር ጐን ቆሞ የገዛ አገሩን ልጆች ለምን እንደሚወጋ፣ ማታ ሲተኛ ምን እንደሚያስብ የሚነግረን ገጽ አልተሰጠውም። ስለዚህ ዕውቀቱ የአንዱ ሆኖ ሳለ ቃሉ የሌላው ሆነ። እንግዲህ የዚህ ጨዋታ ዋና ጉድለት ይህ ነው እላለሁ።

ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም፤ በታሪክ የነበሩት እንደ ኙት ያሉ ሰዎች ብዙ ነበሩና። የአሜሪካ ልዩ ጦር በ1961 በመካከለኛው ደጋ ቡኦን ኤናኦ በተባለች የራዴ ሕዝብ መንደር የመንደሩን ሰዎች ማስታጠቅ ጀመረ። ከዚያም ብዙ ሰፈር ተቋቋመ፤ በአንዱ ሰፈር የሚመደበው የአሜሪካውያን ጓድ በደንቡ 12 ሰው ሲሆን፣ የአገሬው ተዋጊዎች ግን በመቶ የሚቈጠሩ ነበሩ። ጨዋታው ስም ሰጥቶ ከጐናችን ያሰለፈው ከእነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ነው።

ዱሩም ቢሆን እንዲሁ ነው። በጨዋታው ዱር ማለት መደበቂያና መሸበሪያ ነው። ከ1962 እስከ 1971 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከ70 ሚሊዮን ሊትር በላይ ቅጠል የሚያረግፍ መርዝ በዚያ አገር ዱርና እርሻ ላይ እንደ ረጩ ግን የጨዋታው ለምለም ቅጠል አይመሰክርም። ምድር ለምድር የተቈፈረውም ዋሻ አለ፤ ተጫዋቹ ባልንጀሮቹን ከላይ ትቶ በሽጉጥና በእጅ ባትሪ ብቻውን ይገባበታል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በኩ ቺ አውራጃ ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ እንዲህ ያለ ዋሻ ነበር፤ በውስጡም ወጥ ቤትና የቁስለኛ ማከሚያ ነበረበት። ለሆኪንስ የጠላት ጉድጓድ የሆነው ቦታ ለሌላው ቤት ነበር።

የጨዋታውንም ስም ልብ ማለት ያሻል። በ1960 የተመሠረተው ድርጅት ራሱን የጠራው የነጻነት ግንባር ብሎ ነው፤ «ቪየትኮንግ» ተቃዋሚዎቹ ያወጡለት ስም ነው። ስለዚህ ጨዋታው ገና ከሽፋኑ የሚናገረው በአንደኛው ወገን አንደበት ነው። ይህ ደግሞ የሚያስገርመው ሠሪዎቹ ቼኮች በመሆናቸው ነው። በሶሻሊስቱ ዘመን ለትምህርትና ለሥራ በተደረገ ስምምነት ብዙ ቪየትናማውያን ወደዚያ አገር ገብተዋል፤ ዛሬም ከታላላቆቹ የውጭ ተወላጆች ማኅበር አንዱ የእነርሱ ነው። የሚጠየቀው ሰው በጐረቤት ነበረ ማለት ነው።

በ2004 የወጣው ተጨማሪ ክፍልም ዋናውን ሰው አሜሪካዊ አደረገ። በ2005 የወጣው ሁለተኛው ጨዋታ ግን፣ ዋናው ታሪኩ በ1968 በሁዌ ከተማ የሆነ አሜሪካዊ መኰንን ቢሆንም፣ ለሌላው ወገን የራሱ ዘመቻ ጨመረለት። በ2011 ደግሞ በሀኖይ የነበረ ኢሞቢ ጌምስ የተባለ ድርጅት «7554» የሚል ጨዋታ አወጣ፤ ስሙ ዲየን ቢየን ፉ የወደቀችበትን ግንቦት 7 ቀን 1954ን ያመለክታል። በዚህኛው ቪየትናማዊው ራሱ ተራኪ ነው። ነገር ግን አፈ ሙዙ ዞረ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም፤ አሁን ደግሞ ፈረንሳዊው መልክ የሌለው ዒላማ ሆነ። ስለዚህ መድኃኒቱ ወገን መለዋወጥ ብቻ አይመስለኝም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ከጨዋታ ይህን ያህል መጠየቅ አይበዛም ወይ?» ብለውኛል። የጠየቅሁት ጨዋታው ራሱ የጀመረውን ነው። ጠመንጃውንና ወጥመዱን በእውነተኛው ልክ ለመሥራት የደከመ ሠሪ፣ በፊቱ የሚሄደውን ሰው በልኩ ለመሥራት አቅም አያጣም ነበር። ከዘመቻ መልስ፣ ከሆኪንስ ማስታወሻ ጐን፣ ኙት ስለዚያው ቀን የሚናገረው አንድ ገጽ ቢጨመር አንድም ጥይት ሳይጐድል ጨዋታው ሌላ ይሆን ነበር።

ጨዋታውን ያልሞከሩ ጓደኞቼና መምህሮቼ ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። ሲሞክሩም ከኙት ኋላ ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ወደ ሰፈሩ ሲመለሱ ደግሞ የሆኪንስን ማስታወሻ ከማንበባቸው በፊት፣ ያ መንገድ መሪ ቢጽፍ ኖሮ ምን ይጽፍ እንደ ነበር ጥቂት ያስቡ።