«ንግድ ለሁሉም» በደጋው ገበሬ ሚዛን

የአውሮፓ ኮሚሲዮን በኦክቶበር 2015 «ንግድ ለሁሉም» የሚባል የመመሪያ ጽሑፍ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) መመሪያው የወጣው ሴሲሊያ ማልምስትሮም የንግድ ኮሚሲዮነር በነበሩበት ጊዜ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት አባሎች ከሌላው ዓለም ጋራ የሚያደርጉት ንግድ በሦስት መሠረቶች ላይ እንዲቆም ያዛል። ይኸውም ንግዱ ውጤት ያለው እንዲሆን፣ አሠራሩ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ደግሞም የሰውን መብትና የተፈጥሮን ሀብት የሚያከብር እንዲሆን ነው። በ2021 ሌላ መመሪያ ቢተካውም ኃላፊነት ያለው ንግድ የሚለው ሐሳብ አልተተወም። ዓላማው መልካም መሆኑን የሚክድ አይገኝም። ይሁን እንጂ አንድ ሕግ የሚመዘነው ጻፊዎቹ ባሰቡት ብቻ ሳይሆን በሚደርስበት ሰው ቤት በሚሠራው ሥራ ጭምር ነው። ስለዚህ የዚህ ሂስ ጥያቄ አንድ ነው፤ መመሪያው ፍትሕን የሚለካው በምን ሚዛን ነው? ሚዛኑንስ የያዘው ማን ነው?

ለዚህ ምርመራ የደቡብ ጎንደርን ደጋ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጉማራ ወንዝ ከጉና ተራራ ተነሥቶ፣ በወንዛዬ ፍል ውሃ በኩል አልፎ፣ ጣና እስኪገባ ድረስ በሚያቋርጠው አገር፣ ከላይ ገብስና ድንች፣ ከመካከል ጤፍ፣ ከታች በፎገራ ሜዳ ሩዝ ይመረታል። ይህ አገር በቀጥታ ወደ አውሮፓ የሚልከው ጥቂት ነው። ነገር ግን የንግድ ሕግ ፍትሐዊ መሆኑ የሚታወቀው ቀድሞ ገበያውን በያዙት ሰዎች ሳይሆን ገና ሊገቡበት በሚሹት ሰዎች ነው።

ከዚህም በላይ አገሩ ከአውሮፓ የንግድ ውል ጋራ የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። በ1849 የእንግሊዝ ቆንሲል ሚስተር ፕላውደን፣ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ካደረጉት ከራስ ዓሊ ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። ቆንሲሉ ራሳቸው እንደ ተረኩት፣ ራስ ዓሊ ውሉን ሰምተው ክፉ ነገር አላገኙበትም፤ ግን አገሩ በነበረበት ሁኔታ በዐሥር ዓመት ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እንኳ ይመጣል ብለው ስላላሰቡ ጥቅሙ አልታያቸውም። ንግግሩ ለፈገግታ የሚጋብዝ ቢመስልም በውስጡ ጽኑ ሂስ አለበት፤ በር መክፈትና መንገድ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። በ1908 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋራ በተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውል፣ ኢትዮጵያ ከውጭ በሚገቡ ሸቀጦች ላይ በመቶ 10፣ በመጠጥ ላይ በመቶ 8 ከሚሆን ቀረጥ በላይ እንዳታስከፍል ተወሰነባት። የፊተኛው ውል በወረቀት ላይ የቀረ ነበር፤ የኋለኛው ግን ሠርቷል፣ የሠራውም ለአንደኛው ወገን አድልቶ ነው። የዛሬውን የአውሮፓ መመሪያ ስናነብ ሁለቱንም ማስታወስ ይገባናል።

፩. ስለ ቀረጥ

በ1957 በሮም ውል የተባበሩት ስድስት አገሮች በ1968 በመካከላቸው የነበረውን ቀረጥ አንሥተው ለውጭ ሸቀጥ አንድ የጋራ ቀረጥ አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አባል አገር ለብቻው የንግድ ውል አይዋዋልም፤ ዛሬም ለ27ቱ አገሮች የሚናገረው ኮሚሲዮኑ ነው። በማርች 2001 ኅብረቱ «ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም» በሚባለው ደንብ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በልማት ወደ ኋላ ከቀሩት አገሮች የሚመጣው ሸቀጥ ሁሉ ያለ ቀረጥና ያለ መጠን ገደብ እንዲገባ ፈቀደ። ሙዝ፣ ስኳርና ሩዝ ግን እየቆዩ ተለቀቁ፤ የመጨረሻዎቹ ነጻ የሆኑት በ2009 ነው።

ለዚህ ደንብ ተገቢውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። አሜሪካ በጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነጻ ዕድል ባስወጣች ጊዜ የአውሮፓው በር አልተዘጋም። በአበባም ረገድ ውጤቱ ታይቷል። ያለ ልዩ ዕድል የሚገባ ጽጌረዳ እንደ ወራቱ በመቶ 8.5 ወይም 12 ቀረጥ ሲከፍል የኢትዮጵያው ምንም አይከፍልም።

ነገር ግን የአገራችንን ዋና የውጭ ንግድ፣ ቡናን፣ እንመልከት። አውሮፓ ባልተቈላ ቡና ላይ ከማንም አገር ቢመጣ ቀረጥ አታስከፍልም። ስለዚህ ብራዚል የማትከፍለውን ቀረጥ ኢትዮጵያም አትክፈል ማለት ስጦታ ሊባል አይችልም። ልዩነቱ በተቈላው ቡና ላይ ነው፤ በእርሱ ላይ የጋራው ቀረጥ በመቶ 7.5 ሲሆን ለእኛ ዜሮ ነው። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎም ወደ አውሮፓ የምንልከው በአብዛኛው ጥሬውን ቡና ነው። እንግዲያው ያገደን ቀረጡ አልነበረም። ቡና ከተቈላ በኋላ ቶሎ ጣዕሙን ያጣል፤ የአውሮፓ ቈዪዎች የብዙ አገር ቡና ደባልቀው በራሳቸው ስም ይሸጣሉ፤ የታወቀ ስም ለማቆም፣ ለማሸግና ለማስተዋወቅም ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። አበባ የቀናው የማቀዝቀዣ መኪናና የጭነት አውሮፕላን ስለ ተገኘለት ነው። ከዚህ የምንረዳው የቀረጥ ነጻነት መንገዱን ለያዘ ሰው እንደሚያፋጥን፣ መንገድ ለሌለው ግን መንገድ እንደማይሆነው ነው። ኮሚሲዮኑ ግን የደግነቱን ልክ ሲቈጥር በተቀነሰው ቀረጥ ይቈጥራል፤ ራስ ዓሊ ያዩት ጉድለትም ይህ ነበር።

ገብስን ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የደጋው ገብስ ለቢራ ብቅል ይሆናል፤ ያም ሆኖ የቢራ ፋብሪካዎቻችን ብዙ ብቅል ከአውሮፓ ሲያስመጡ ኖረዋል። ይህን መለወጥ የጀመረው እንደ ጎንደር ብቅል ፋብሪካና ቦርትማልት በደብረ ብርሃን እንደ ተከለው ያለ ፋብሪካ ነው። ገበሬው ገብሱን በቅርብ የሚሸጥበት ፋብሪካ ሲያገኝ የሚጠቀመው ጥቅም በብራስልስ ከተጻፈ የቀረጥ ሰንጠረዥ አይገኝም።

፪. ስለ ማስረጃ ሸክም

ቀረጥ ሲወርድ ሌላ ኬላ ይቆማል። በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቁጥር 2023/1115 ከዲሴምበር 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የተመረተ ቡና፣ ካካዎ፣ እንጨት፣ የቀንድ ከብትና ሌላም ሸቀጥ በአውሮፓ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን መሬት ሥፍራ በካርታ ነጥብ ማሳየት አለበት፤ መሬቱ ከ4 ሄክታር የበለጠ እንደ ሆነ ዙሪያውን መከለል ይኖርበታል። ሕጉን የጣሰ ኩባንያ የሚቀጣበት ከፍተኛ መቀጫ በኅብረቱ ውስጥ ካለው የዓመት ሽያጩ ቢያንስ በመቶ 4 ድረስ እንዲደርስ ታዟል። ሕጉ መጀመሪያ በዲሴምበር 2024 ሊሠራ ተቀጥሮ ነበር፤ ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ወደ ዲሴምበር 2026 ተሻገረ።

ደን ይጠበቅ የሚለውን ከእኛ ይልቅ ሊቀበል የሚገባው የለም። በደቡብ ጎንደር በእርሻው መካከል እንደ ደሴት ቆመው የሚታዩት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች፣ ከጣና ማዶም በዘጌ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና፣ የአውሮፓ ሕግ ሳይጻፍ የተጠበቁ ናቸው። ሂሱ በዓላማው ላይ አይደለም፤ ሂሱ በሸክሙ አከፋፈል ላይ ነው። ደኑን ያልነካው ገበሬ አለመንካቱን እንዲያስረዳ ሲገደድ የማስረጃውን ወጪ ማን ይከፍላል? በሕጉ ፊት ተጠያቂው አስመጪው ነው። አስመጪው ግን ቅጣት ስለሚፈራ ጥያቄውን ወደ ላኪው፣ ላኪው ወደ ማኅበሩ፣ ማኅበሩ ወደ ገበሬው ያወርደዋል። አንድ ሺህ ትንንሽ ማሳዎችን ከመለካት አንድ ትልቅ እርሻን መለካት ስለሚቀል፣ ነጋዴው ያለ ክፋት፣ በሒሳብ ብቻ፣ ከትልቁ መግዛትን ይመርጣል። በዚህ ዐይነት ኃላፊነት የሚሰማው ሕግ ከሁሉ ይልቅ ደን የጠበቀውን ትንሹን ሰው ከገበያ ሊያስወጣው ይችላል። ቀጠሮው ሁለት ጊዜ የተራዘመውም ባመዛኙ በአውሮፓ ኩባንያዎችና መንግሥታት አቤቱታና በመረጃ መቀበያው ሥርዓት አለመዘጋጀት ነው። የኛ ገበሬ ጊዜ ያገኘው የሌሎች አቤቱታ ስለ ተሰማ ነው እንጂ የራሱ ድምፅ ስለ ተሰማ አይመስልም።

፫. ስለ ዘር ባለቤትነት

ከሁሉ የሚከብደው የጤፍ ነገር ነው። በ2003 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የፓተንት መብት እንዲሰጠው አመለከተ። በ2005 ከኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩትና ከግብርና ምርምር ድርጅት ጋራ የጤፍ ዝርያዎችን ወስዶ ጥቅሙን ሊያካፍል ተዋዋለ። በ2007 ዋና መሥሪያ ቤቱ ሙኒክ የሆነው የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ መብቱን ሰጠው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌሎች ኩባንያዎች እጅ ቆየ። ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ያህል ብቻ ነበር። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ሥራው አዲስ ፈጠራ ሊባል የሚበቃ እንዳልሆነ ፈርዶ ፓተንቱን በሆላንድ ውስጥ ዋጋ ቢስ አደረገው።

ፍርዱ በአገራችን ደስታ አስገኝቶ ነበር፤ ደስታውም የሚገባ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በችሎቱ የተከራከሩት ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ናቸው፤ ኢትዮጵያ ተከራካሪ አልነበረችም። ሁለተኛው ኩባንያ ዝም ብሎ ከፍሎ ቢሆን ኖሮ የጤፍ ባለቤቶች ፍርዱን ባላገኙም ነበር።

የኮሚሲዮኑ ጠበቆች የፓተንት ቢሮው በ1973 ውል የቆመ፣ ከኅብረቱ ውጭ የሆነ መሥሪያ ቤት ነው ይሉ ይሆናል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሂሳችን በዚህ ይበረታል እንጂ አይደክምም። ለደጋው ገበሬ አውሮፓ አንድ ገበያ ናት። በአንዱ መሥሪያ ቤት «ጤፍህን ያለ ቀረጥ አስገባ» የተባለ ሰው፣ በሌላው መሥሪያ ቤት «የዱቄቱ አዘገጃጀት የሌላ ሰው ነው» ቢባል፣ የፊተኛው ቃል ምን ይረባዋል? የኅብረቱ መሠረታዊ ውል በአንቀጽ 208 ኅብረቱ ታዳጊ አገሮችን የሚነካ ሥራ ሲሠራ የልማታቸውን ነገር እንዲያስብ ያዛል። ፍትሕ በየመሥሪያ ቤቱ ተከፋፍላ እያንዳንዱ ድርሻዬ አይደለም ሲል ግን ይህ አንቀጽ ጠባቂ የሌለው አጥር ይሆናል።

፬. ስለ ራሳችን ድርሻ

ሂስ ወደ ሌላው ብቻ የሚያይ ከሆነ ስሞታ ይሆናል። መንግሥታችን በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ፤ በ2015 እገዳውን በከፊል አላላው። ምክንያቱ የከተማው ሕዝብ እንጀራ እንዳይወደድበት ነበር፤ ይህም ቀላል ምክንያት አይደለም። ነገር ግን እኛ ባልሸጥንባቸው ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ገበሬዎች ጤፍ ዘርተው ገበያውን ተለማመዱት። ለእንጀራው ዋጋ መርከስ የከፈለው የጎጃምና የጎንደር ገበሬ ነው፤ ለዚህም ካሣ አልተቈረጠለትም። እንዲሁም የ2005ቱን ውል የፈረሙት ባለሥልጣኖች በቅን ልቡና ቢፈርሙም፣ የፓተንቱ ማመልከቻ ቀድሞ የገባ መሆኑና በውሉ የተገባው ቃል ኩባንያው ቢከስር የሚጸናበት መያዣ አለመኖሩ ውሉን ደካማ አድርጎታል። በ1849ም ሆነ በ2005 የጐደለን ውሉን መርምሮ የሚዋዋል፣ ከተዋዋለም በኋላ የሚከታተል ዐዋቂ ነው።

፭. ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ኅብረቱ ማስረጃ የሚጠይቅ ሕግ ሲያወጣ የማስረጃውን ወጪ ሸማቹና አስመጪው እንዲካፈሉ፣ የተለካውም ካርታ የገበሬው ማኅበር ንብረት ሆኖ እንዲቀር በሕጉ ውስጥ መጻፍ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ የአንቀጽ 208 ምርመራ በደፈናው ሳይሆን በየሸቀጡና በየአገሩ ተደርጎ፣ የሚነካቸው ሰዎች ሐሳብ ተጨምሮበት ሊታተም ያስፈልጋል፤ «ንግድ ለሁሉም» ግልጽነት የሚለው ቃል የሚፈጸመው ያን ጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ በሜይ 2024 በጄኔቭ የጸደቀው ስምምነት የፓተንት አመልካች የተጠቀመበትን ዘር ከየት አገር እንዳገኘ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ የአውሮፓ አገሮች ይህን ተቀብለው በፓተንት ሕጋቸው ቢያስገቡ የጤፍ ታሪክ በሌላ እህል እንዳይደገም አንድ አጥር ይሆናል።

ለእኛ የሚቀረው ሥራ ደግሞ በእጃችን ነው። ከደብረ ታቦር ገበያ አንድ ኩንታል ጤፍ ወይም ገብስ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሸማች ሲደርስ ገበሬው ከዋጋው ስንት እጅ እንደሚያገኝ በየወሩ መዝግቦ የያዘ ጥናት ቢኖረን፣ ከአውሮፓ ጋራ የምንነጋገረው በስሜት ሳይሆን በቍጥር ይሆናል። ይህ ለአንድ ተማሪ የአንድ ዓመት ሥራ ነው፤ በየወረዳው አንዳንድ ተማሪ ቢመደብ ደግሞ የአንድ ክረምት ሥራ ይሆናል። ሚዛኑ በሌላ ሰው እጅ ነው ብለን የምናዝነውን ያህል፣ የራሳችንን ሚዛን ገና ያልሠራን መሆናችንንም ማወቅ ይገባናል።