በአንድ የአውሮፓ ሕግ መግቢያ ውስጥ የአረጋዊው ሙዚቀኛ ሚና

ሕግ በሂስ ዓይን ሊታይ አይገባም የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ ሕግም ለምን እንደ ወጣ የሚነግረን ታሪክና ይህንኑ ታሪክ የሚሸከም ገጸ ባሕርይ በመግቢያው ስለሚያቀርብ፣ መግቢያውና ድንጋጌው መጣጣማቸውን መመርመር ተገቢ ይመስለኛል። ለዚህ የመረጥሁት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውንና የሙዚቃ ቅጂዎችን የመብት ዘመን ከ50 ወደ 70 ዓመት ያራዘመውን መመሪያ ነው።

የመግቢያው ዋና ገጸ ባሕርይ አረጋዊ ሙዚቀኛ ነው። በወጣትነቱ ያስቀረጸው ሥራ 50 ዓመት ሲሞላው ጥበቃው ያበቃል፤ እርሱ ግን ገና በሕይወት አለ፤ ገቢው በስተርጅናው ይነጥፋል። ታሪኩ እውነትነት አለው፤ አንባቢንም ያሳዝናል። ወደ ድንጋጌዎቹ ስንዘልቅ ግን የተጨመረው 20 ዓመት የሙዚቀኛው ብቻ ሳይሆን የአሳታሚው ኩባንያም ሆኖ እናገኘዋለን። አንድ ጊዜ ተከፍሎት ለተሰናበተው አጃቢ የተመደበው፣ ከ50ኛው ዓመት በኋላ ኩባንያው ከቅጂው ከሚያገኘው ገቢ 20 በመቶው ነው፤ እርሱንም ከመሰሎቹ ጋር ይካፈለዋል።

በእርግጥ የሚመሰገን ነገር አለ። ኩባንያው ቅጂውን በበቂ መጠን ለገበያ ካላቀረበ ተጫዋቹ ውሉን ማቋረጥ ይችላል፤ ከ50 ዓመት ወዲህም ከክፍያው ላይ የቀድሞ ቀብድ አይቀነስበትም። ሆኖም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ገበያ ላይ የሚቆዩት በአብዛኛው የዝነኞች ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ መግቢያው ያሳዘነን ሰው ከማዕዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በ2006 ለብሪታንያ መንግሥት ጥናት ያቀረበው አንድሩ ጋወርስ ዘመኑ 50 ዓመት ሆኖ እንዲቆይ መክሮ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን ግን በ2008 ወደ 95 ዓመት እንዲራዘም ሐሳብ አቀረበ፤ 70 የድርድር ውጤት ነው።

በእኔ አስተያየት የመመሪያው ጉድለት የትልም ጉድለት ነው። የሙዚቀኛው ችግር የጀመረው በ51ኛው ዓመት ሳይሆን፣ የመደራደር አቅም ሳይኖረው ውሉን በፈረመበት ቀን ነው። በ2019 የወጣው የቅጂ መብት መመሪያ በ18ኛው አንቀጹ ክፍያ ተገቢና ተመጣጣኝ እንዲሆን ሲደነግግ ታሪኩን ከዚያ ቀን ይጀምራል፤ በዚህም ከቀዳሚው ይሻላል። የ2011ዱን ግን «በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ» የሚለው ተረት በሚገባ ይገልጸዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ማመካኛው ሽማግሌ መሆኑ ነው።