ዘውዱን በመዳፍዎ ሸፍነው ይዩት

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ዙሪያ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ከተመታ በኋላ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ወደ ሥዕሉ ይዞራል። የእመቤታችን፣ የስቅለት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ብዙ አያከራክርም፤ ሰዓሊው ለምዶታል፣ ምእመኑም ከበር ሆኖ ያውቀዋል። የሚያስቸግረው የቅዱሳን ነገሥታት ተራ ሲደርስ ነው። ላሊበላም፣ ካሌብም፣ ይምርሐነ ክርስቶስም፣ አብርሃና አጽብሐም ዘውድ ደፍተው፣ ካባ ደርበው ይሣላሉ። ሰነፍ ሰዓሊ እጅ ሲገቡ ሁሉም አንድ ሰው ይሆናሉ፤ የሚለያቸው ከግርጌ የተጻፈው ስም ብቻ ነው።

የጉራጌ ምድር ለእነዚህ ነገሥታት ባዕድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲወርዱ፣ መልካ ቁንጡሬ አካባቢ ከዋናው መንገድ ታጥፈው የሚደርሱባት አዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ያሠራት ቅዱስ ላሊበላ ነው፣ ያሠራትም ወደ ዝቋላ ሲሄድ ነው ይላል ትውፊቱ። በሶዶ ያለው የምድረ ከብድ ገዳምም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ገድላቸው ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በላሊበላ ዘመን እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ በዚህ አገር ግድግዳ ላይ የቅዱስ ንጉሥ ሥዕል ቢገኝ ቦታው ነው። የሚጠየቀው ጥራቱ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና

ሥዕሉ ፊት ቆመው አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑና ዘውዱን በመዳፍዎ ይሸፍኑ። የቀረው አካል ማንነቱን ከነገረዎ ሰዓሊው ሥራውን ሠርቷል። ዘውዱ ሲሸፈን ንጉሡም አብሮ ከጠፋ ግን የተሣለው ቅዱስ ሳይሆን ሹመት ነው። ቅድስናው ያለው በሠራው ሥራ ስለሆነ ከዘውዱ ይልቅ እጁ ምን እንደያዘና ዙሪያው ምን እንዳለ መታየት አለበት።

ላሊበላን ንብ ያስታውቀዋል፤ በተወለደ ጊዜ ንብ እንደከበበው ገድሉ ይተርካል። መርዝ አጠጥተውት መላእክት ወደ ሰማይ ሲያወጡት፣ ኋላም አብያተ ክርስቲያናቱን ከአለት አብረውት ሲፈለፍሉ ይሣላል። ይምርሐነ ክርስቶስ ንጉሥም ካህንም ነበርና መሠዊያ ፊት ካልቆመ ግማሹ ጎድሏል። አብርሃና አጽብሐ ወንድማማች ሆነው አብረው የነገሡ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በጣት እንኳ ቢበልጥ፣ የአንዱ ዙፋን ትንሽ ከፍ ቢል ሰዓሊው ታሪኩን አላነበበም ማለት ነው። ካሌብ በ525 እ.ኤ.አ. ገደማ ባሕር ተሻግሮ የናግራን ክርስቲያኖችን የፈጀውን የሒምያር ንጉሥ ወጋ። ትውፊቱ እንደሚለው ከዚያ በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መነነ። ካሌብን ጦር አስይዞ ብቻ የሚያቆም ሰዓሊ ታሪኩን ከመሐል ቆርጦታል፤ ትልቁ ሥራ ዘውዱን ያወለቀበት ነው።

ይህ ፈተና ከአገራችን ውጭም ይሠራል። በብራዚልና በፖርቱጋል አብያተ ክርስቲያናት፣ በተለይ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ፣ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው በማኅበር ተደራጅተው ካሌብን ሳንቶ ኤሌዝባዎ እያሉ አክብረውታል። ሐውልቱ ጥቁር ሰው ነው፤ የቀርሜሎስ መነኩሴ ልብስ ለብሶ፣ አንድ እጁ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሌላው ጦር ይዞ፣ በእግሩ ዘውድ የደፋ ነጭ ንጉሥ ረግጧል። በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ያለውን የዊልተን ባለ ሁለት ገጽ ሥዕልም ይመልከቱ። በ1390ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የተሣለ ሲሆን በአንዱ ገጽ ሦስት የእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ ደፍተው ይታያሉ። አንዱ ፍላጻ ይዟል፤ እሱ በ869 እ.ኤ.አ. በዴንማርካውያን እጅ የተገደለው ኤድመንድ ነው። ሌላው ለለማኝ ሰጠው የተባለለትን ቀለበት ይዟል፤ እሱ ኤድዋርድ ነው። ሦስተኛው ባዶ እጁን ዘርግቶ ተንበርክኳል፤ እሱ ሥዕሉ የተሣለለት ዳግማዊ ሪቻርድ ነው። ዘውዱ ሦስቱንም አይለያቸውም።

አለቱን ማን ፈለፈለው?

የላሊበላን ሥዕል ሲመረምሩ ወደ መሣሪያው ጠጋ ይበሉ። አብያተ ክርስቲያናቱ ከታች ወደ ላይ ድንጋይ ተደራርቦ የቆሙ ሳይሆኑ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈሉ የወጡ ናቸው። ንጉሡ ጡብ ሲደረድር ወይም ጭቃ ሲያቀብል ካዩ ሰዓሊው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሥሏል። ጥሩ ሥራ ላይ ጉድጓድ አለ፤ የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ መስቀል ከመሬት እኩል ይታያል፤ መሮና መዶሻ የያዙት መላእክት ወደ ታች ጎንበስ ብለዋል። መሮው በጣትና በጣት መካከል የተያዘበትን ቦታ ይዩ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተቆጥረው መሮውን ከጨበጡት ሰዓሊው ሠራተኛ አይቷል፤ መሮው ከመዳፉ ፊት የተንሳፈፈ ከመሰለ ከፖስተር ገልብጧል።

ፊትና ዓይን

በጥንቱ ሥርዓት ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ደግሞ በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ለላሊበላ መርዙ በሚቀርብበት ትዕይንት ጽዋውን የምታቀርበውን ሴት ይዩ፤ በጎን ካልተሣለች ተመልካቹ ከማን ጋር እንደሚቆም አያውቅም። የንጉሡ ዓይን ትልቅ ይሁን፣ ግን አያፍጥጥ። ከበላይ የሚያይ ፊት የሹም ፊት ነው።

አክሊለ ብርሃኑ ከራሱ ኋላ መዞር አለበት እንጂ ዘውዱ ላይ መደፋት የለበትም። ዘውዱ ከአክሊሉ ዙሪያ ወጥቶ ከታየ ሰዓሊው ሳያስበው ሥልጣኑን ከጸጋው አስበልጧል።

ልብስ ላይ አይቸኩሉ። የ12ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ የጎንደር ዘመን አበባማ ጨርቅ ቢለብስ ስሕተት አይደለም፤ ሰዓሊዎች ሁልጊዜ የራሳቸውን ዘመን ክብር ለቅዱሱ ያለብሳሉ። የዊልተን ሥዕል ኤድመንድም የሞተው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ሆኖ የሪቻርድን ዘመን ልብስ ለብሷል። ስሕተቱ ከታተመ የፈረንጅ ሥዕል የተቀዳ ነጭ ጠጉር ያለው ካባ ያለ ምክንያት ሲመጣ ነው።

ንጉሡና ባሕታዊው በአንድ ግድግዳ ከተሣሉ ደግሞ ሌላ መመዘኛ አለ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጠጉር ብቻ ለብሰው በአንበሶችና በነብሮች መካከል ይቆማሉ። ጥሩ ሰዓሊ የንጉሡን ካባ ወርቅ ከባሕታዊው ጠጉር አጠገብ አስቀምጦ የሚያጎነብሰው ንጉሡ እንዲሆን ያደርጋል። ካባው ዓይን ከሰረቀ ሥዕሉ ተሸንፏል።

ሸራና ቀለም

አብዛኛው የግድግዳ ሥዕላችን በሸራ ላይ ተሥሎ የሚለጠፍ ነው። እጅዎን ሳያሳርፉ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይዩት፤ ያበጠ ቦታ ካለ ማጣበቂያው አልያዘም። የሸራው መጋጠሚያ በልብስ እጥፋት ወይም በዐምድ ጠርዝ ማለፍ አለበት፤ ንጉሡ ፊት ላይ ካለፈ ሰዓሊው ግድግዳውን ሳይለካ ጀምሯል። ጥቁሩ የዳር መስመር በአንድ ትንፋሽ የተሳበ ይሁን፤ የተቆራረጠና ሁለቴ የተደገመ መስመር የሚጠራጠር እጅ ነው። ከፊት ቀለም ሥር ጥላ ካለ በሁለቱም ጉንጭ ላይ ከአንድ ወገን መምጣት አለበት።

አሠሪው የት ይሣል?

ለመስቀል አገር ቤት ከሚገቡት መካከል ሥዕል የሚያሠሩ አሉ፤ ልመናቸውም ብዙ ጊዜ ሥዕላቸው እንዲገባ ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ አሠሪን ከቅዱሱ ሥር መሣል የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ቦታው እግር ሥር ነው፤ ወይ ተደፍቶ፣ ወይ እጁን ዘርግቶ፣ መጠኑም ከቅዱሱ ያነሰ ሆኖ። ሙሉ ልብስ ለብሶ ከፎቶግራፍ ተቀድቶ ከንጉሡ እኩል የቆመ አሠሪ ሥዕሉን የራሱ ያደርገዋል።

ኮሚቴው ይህን ሁሉ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ቢያውቀው አይጠቅመውም። ስለዚህ ከሰዓሊው ጋር ሲስማሙ በካሬ ሜትር ዋጋ ብቻ አይስማሙ። የትኛው ንጉሥ፣ በየትኛው ሥራው፣ ማን አጠገቡ እንደሚቆም፣ የአሠሪው ምስል የት እንደሚገባ በጽሑፍ ይስፈር፤ ቀለም ከመነካቱ በፊት በእርሳስ የተሠራ ንድፍ ይጠየቅ። ንድፉ ሲመጣ ገድሉን የሚያውቅ ካህን ይመልከተው። ከዚያ አንድ ሰው ዘውዱን በመዳፉ ይሸፍንና የአካባቢውን ልጆች ይጠይቃቸው። ማንነቱን ካወቁት ቀሪው ክፍያ ይከፈል፤ ካላወቁት ንድፉ ይመለስ።